ነጩ ሸማና ጠይሙ ፊት በፎቶግራፍ ታሪክ

ሥዕልና ፎቶግራፍ እንደ ወንድማማች ቢቆጠሩም ከብርሃን ጋር ያላቸው ግንኙነት የተለያየ ነው። የጥንቱ የአገራችን ሠዓሊ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቁን በሁለት ዓይኑ፥ ኃጥኡን በአንድ ዓይኑ ወደ ጎን አዙሮ ሲሥል፥ ፀሐይ በየት በኩል እንደ ወጣች ወይም ጥላው በማን ፊት ላይ እንደ ወደቀ አያስጨንቀውም ነበር። ለልብሱ የልብሱን ቀለም፥ ለፊቱም የፊቱን ቀለም በየድርሻው ይሰጥ ነበር። የፎቶግራፍ መሣሪያ ግን ይህ ነፃነት አልተሰጠውም። በአንድ ቅጽበትና በአንድ የብርሃን ልክ በፊቱ ያለውን ሁሉ ባንድነት ይቀበላል፤ ከልኩ በላይ የሆነው ነጭ ሆኖ ይቀራል፥ ከልኩ በታች የሆነውም ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

ዛሬ ብዙ ሰው በኪሱ ይዞት በሚዞረው የእጅ ስልክ ውስጥ «ኤች ዲ አር» የሚባል ጥበብ አለ። ይህ ጥበብ አንዱን ነገር በልዩ ልዩ የብርሃን ልክ ደጋግሞ ካነሣ በኋላ ከየሥዕሉ የተሻለውን ክፍል መርጦ አንድ ሥዕል ያደርጋል። ስለ አሠራሩ የተጻፈው ብዙ ነው፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው ግን ታሪኩ ከእኛ ፊትና ከእኛ ልብስ ጋር እንዴት እንደ ተገናኘ፥ በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ማኅደር ውስጥ ጠቁረው የቀሩትን የወላጆቻችንን ፊቶችም መልሰን እንድናይ ምን ያህል እንደሚረዳን ነው።

ነገሩን በቅርብ ምሳሌ ለማስረዳት ወደ አዲስ አበባ ምዕራብ እንመልከት። የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከስሙ አንዱን ክፍል ያገኘው ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነው። በጥቅምት 27 ቀን የመድኃኔ ዓለም በዓል ሲከበር ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ጠርቶ ይገኛል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ ፀሐይ ያረፈበት ቦታ ይበልጥ ይበራል፥ ጥላ ያረፈበት ደግሞ ይበልጥ ይጠቁራል። ምእመናኑ ነጭ ነጠላና ጋቢ ለብሰዋል፤ አንዳንዱ ከዛፍ ጥላ፥ አንዳንዱም ከጃንጥላ ሥር ቆሟል፤ ካህናቱ የሚያብረቀርቅ ካባ ደርበዋል፤ በበሩ በኩል የሚታየው የቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ግን ጨለማ ነው። የሰው ዓይን ከብርሃን ወደ ጥላ በተዘዋወረ ቁጥር ራሱን ስለሚያስተካክል ይህን ሁሉ ያለ ችግር ያያል።

መሣሪያውን የሚገጥመው ችግር በቁጥር ሊታይ ይችላል። የታጠበ ነጭ ሸማ ከሚያርፍበት ብርሃን ከ100 እጅ 80 ያህሉን ይመልሳል፤ ጠይም ፊት የሚመልሰው ከ100 እጅ 10 ያህሉን ነው። ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ፀሐይ ላይ ቢውሉ እንኳ ሸማው ከፊቱ 8 ጊዜ ይበራል። ሸማው በፀሐይ ላይ ሆኖ ፊቱ በጃንጥላ ጥላ ውስጥ ቢሆን ደግሞ ልዩነቱ በሌላ 8 ያህል ተባዝቶ ወደ 64 እጥፍ ይደርሳል። ፎቶግራፍ አንሺዎች ብርሃን በእጥፍ በጨመረ ወይም በግማሽ በቀነሰ ቁጥር አንድ ደረጃ ብለው ይቆጥራሉ፤ 64 እጥፍ እንግዲህ 6 ደረጃ ነው። በበሩ ውስጥ ያለው ጨለማ ሲጨመርበት ልዩነቱ ከ10 ደረጃ፥ ማለት ከ1000 እጥፍ በላይ ይሆናል። የፎቶግራፍ ወረቀት ግን ከነጩ እስከ ጥቁሩ ሊያሳይ የሚችለው ልዩነት 100 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው።

በዚህ ላይ የብርሃን መለኪያው ጠባይ ይጨመራል። ይህ መለኪያ የሚያየው ነገር ሁሉ በአማካይ ከ100 እጅ 18 ያህሉን ብርሃን የሚመልስ ግራጫ ነው ብሎ እንዲገምት የተሠራ ነው። ነጭ የለበሰ ሕዝብ በፊቱ በቆመ ጊዜ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል፤ በዚያን ጊዜ ሸማው ወደ ግራጫ፥ ፊቱ ደግሞ ወደ ጥቁር ይወርዳል። መለኪያው ማንንም ለመበደል አስቦ አይደለም፤ ነገር ግን ነጭ ለብሶ በዓል የሚያከብር ጠይም ሕዝብ ሲገጥመው ግምቱ ዘወትር በአንድ ወገን ይሳሳታል።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ ለሕዝብ የተገለጸው በ1839 ነው። በ1851 ፍሬደሪክ ስኮት አርቸር የተባለው እንግሊዛዊ ኮሎዲዮን በሚባል ፈሳሽ በተቀባ መስተዋት ላይ የማንሣትን ዘዴ አወጣ። ይህ መስተዋት የሚነካው ሰማያዊውና ሐምራዊው ብርሃን ብቻ ስለ ሆነ ሰማይን ባዶ ነጭ ያደርገው ነበር፤ ቀዩንና ቡናማውን ቀለም ግን ዓይን ከሚያየው ይልቅ አጥቁሮ ያወጣ ነበር። ጉስታቭ ለ ግሬ የተባለው ፈረንሳዊ በ1856ና በ1857 የባሕር ሥዕል ሲያነሣ ይህ ችግር ገጠመው። ለባሕሩ የሚስማማው ልክ ሰማዩን ያጠፋል፤ ለሰማዩ የሚስማማው ልክ ባሕሩን ያጨልማል። ስለዚህ አንዱን ኔጋቲቭ ለሰማዩ፥ ሌላውን ለባሕሩ አነሣና ሁለቱን ሰማይና ባሕር በሚገናኙበት መስመር ላይ አጋጥሞ በአንድ ወረቀት ላይ አተመ። በልዩ ልዩ ልክ የተነሡትን አዋሕዶ አንድ ማድረግ የተጀመረው እንግዲህ ኮምፒዩተር ከመታሰቡ ከረጅም ዘመን በፊት ነው።

ወደ አገራችን ይህ መስተዋት በብዛት የገባው ከጦር ሠራዊት ጋር ነው። በ1868፥ በእኛ አቆጣጠር በ1860 ዓ.ም.፥ የጄኔራል ናፒዬር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመሐንዲሶቹ ክፍል ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ፥ የ7 ዓመት ሕፃን ሆኖ ወደ እንግሊዝ አገር ከተወሰደ በኋላ፥ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የተባለች ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ በዋይት ደሴት አነሣችው። ልዑሉ በ1879 በ18 ዓመቱ በባዕድ አገር ዐረፈ። ብዙ ኢትዮጵያውያን መልኩን የምናውቀው ከእነዚህ ሥዕሎች ነው። ሆኖም ያን ዘመን በነበረው መስተዋት ላይ የጠይም ልጅ ፊት በሕይወት ከነበረው ይልቅ ጠቁሮ እንደሚወጣ ተመልካቹ ማስታወስ ይገባዋል። ቀለማትን ሁሉ በሚገባ የሚቀበል መስተዋት ለገበያ የቀረበው በ1906 ነው።

በሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ላይ በድሮስ ቦያጂያን የተባሉት አርመናዊ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆኑ፤ ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶኒ ሙያውን ያዙ። ሪቻርድ ፓንክረስትና ደኒ ዤራር በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ከ1867 እስከ 1935 ድረስ በኢትዮጵያ የተነሡ ሥዕሎችን ሰብስበው አቅርበዋል። እነዚያን ሥዕሎች የሚመለከት ሰው ነጩ ሸማና ጥቁሩ ካባ፥ ጠይሙ ፊትና የፀሐዩ ብርሃን በአንድ ወረቀት ላይ ቦታ ለማግኘት ሲታገሉ ያያል።

ያን ጊዜ ይህን ትግል የሚያስታርቀው የአታሚው እጅ ነበር። በጨለማው ክፍል ውስጥ የማጉያው ብርሃን በኔጋቲቩ አልፎ በወረቀቱ ላይ ሲወርድ፥ ባለሙያው እጁን ወይም ቁራጭ ካርቶን በመካከል አስገብቶ ፊቱን ለጥቂት ሴኮንዶች ይጋርዳል፤ የተጋረደው እንዳይጠቁር ይድናል። ሸማው ደግሞ ክሩ እንዲታይ ተጨማሪ ብርሃን ያገኛል። በዚህ ዓይነት አንዱ ሥዕል በየክፍሉ የተለያየ ልክ ይሰጠው ነበር። በ1939ና በ1940 አንሰል አዳምስና ፍሬድ አርቸር የተባሉ አሜሪካውያን ከጥቁር እስከ ነጭ ያለውን ከ0 እስከ 10 በቁጥር ከፍለው፥ ፎቶግራፍ አንሺው መሣሪያውን ሳይጫን ፊቱና ልብሱ በየትኛው ቁጥር ላይ እንደሚያርፉ አስቀድሞ እንዲወስን የሚያስተምር ሥርዓት አወጡ።

የቀለም ፎቶግራፍ ሲስፋፋ ሌላ ችግር መጣ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ የኮዳክ ኩባንያ ፎቶግራፍ አጣቢዎች ቀለማቸውን እንዲያስተካክሉ በሚልከው የመለኪያ ካርድ ላይ የምትታየው ነጭ ሴት ነበረች፤ ካርዱም «ሸርሊ» በሚል ስም ይታወቅ ነበር። የእርሷ ፊት ከተስተካከለ ሥዕሉ ሁሉ ተስተካከለ ይባል ነበር። ልዩ ልዩ የቆዳ ቀለም ያላቸው ሰዎች የተነሡበት ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። እኛም በመንግሥት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በቆዩ ማኅደሮች ላይ የተለጠፉትን ጉርድ ፎቶግራፎች ስንመለከት የሸሚዙ ኮሌታ ጎልቶ፥ ባለቤቱን ለመለየት የሚያስፈልገው ፊት ግን ጠፍቶ የምናገኘው ጥቂት ጊዜ አይደለም። ፎቶግራፉ የተለጠፈው ሰውየው እርሱ መሆኑን እንዲመሰክር ነበር፤ ፊቱ ከሌለ ምስክርነቱም የለም።

ብዙ ልክን በአንድ ላይ የመያዝን ሐሳብ ወደ ሳይንስ ያመጡት ደግሞ ሌላ ጉዳይ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። ቻርልስ ዋይኮፍ የተባለው አሜሪካዊ የአቶሚክ ቦምብን ፍንዳታ ለማንሣት በአንድ ፊልም ላይ ሦስት ድርብ፥ አንዱ ለብርሃን ፈጣን፥ አንዱ መካከለኛ፥ አንዱ ዘገምተኛ አድርጎ ሠራ። የመጀመሪያው ያቃተውን ኀይለኛ ብርሃን ሦስተኛው ይቀበል ነበር። ዲጂታል ካሜራ ከመጣ በኋላ ስቲቭ ማንና ሮዛሊንድ ፒካርድ በ1995 በልዩ ልዩ ልክ የተነሡ ሥዕሎችን በሒሳብ የማዋሐድን ዘዴ ጻፉ። በ1997 ደግሞ ፖል ደበቬክና ጂተንድራ ማሊክ የአንድ ቤተ ክርስቲያንን ውስጥ፥ በካሊፎርንያ የሚገኘውን የስታንፎርድ መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን፥ ከ30 ሴኮንድ ጀምረው እስከ ሴኮንድ አንድ ሺኛ ድረስ ልኩን በየጊዜው በግማሽ እየቀነሱ 16 ጊዜ አነሡ። በመጀመሪያውና በመጨረሻው ሥዕል መካከል የ30000 እጥፍ ልዩነት አለ። ከዚያም ካሜራው ብርሃንን ወደ ቁጥር የሚለውጥበትን ሕግ ከሥዕሎቹ ከራሳቸው አወጡ፤ የመስኮቱን ባለ ቀለም መስተዋትና የጥጉን ጨለማም በአንድ ሰሌዳ ላይ አስቀመጡ።

ይህን ዘዴ በቀራንዮ መድኃኔ ዓለም በር ፊት ብንሠራበት እንዲህ ይሆናል። ካሜራው እንዳይነቃነቅ በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ይቆማል። አንዱ ሥዕል በሴኮንድ 1/1000፥ ሁለተኛው በ1/125፥ ሦስተኛው በ1/15 ይነሣል፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው 8 እጥፍ ያህል፥ ማለት 3 ደረጃ፥ ይበልጣል። በመጀመሪያው ሥዕል የነጠላው ጥለትና የካባው ጥልፍ ይታያል፥ ፊቱ ግን ጨለማ ነው። በሁለተኛው በጃንጥላው ሥር ያለው ፊት ይወጣል። በሦስተኛው ሸማው ተቃጥሎ ነጭ ሲሆን የበሩ ውስጥ መታየት ይጀምራል። ኮምፒዩተሩ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ሦስቱን ይመረምራል፤ ፈጽሞ የነጣውንና ፈጽሞ የጠቆረውን ይተዋል፤ የቀረውን ዋጋ ሥዕሉ ለተነሣበት ጊዜ አካፍሎ እውነተኛውን የብርሃን መጠን ያወጣል። ካሜራው ለብቻው 10 ደረጃ የሚይዝ ቢሆን በሦስቱ ኅብረት 16 ደረጃ ይይዛል፤ ይኸውም ከ65000 እጥፍ በላይ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው የሚለው የአባቶች ምሳሌ ለዚህ ሥራ በጣም ይስማማል።

ነገር ግን ሥራው በዚህ አያበቃም። የተሰበሰበው ብርሃን ወረቀትም ሆነ መስኮተ ብርሃን ከሚችለው በላይ ስለ ሆነ ተመጥኖ መታጠፍ አለበት። በ2002 ኤሪክ ራይንሃርድና ባልደረቦቹ ለዚህ ያወጡት ዘዴ መነሻው ከላይ ያነሣነው የአዳምስ ሥርዓት ነው፤ የጨለማው ክፍል እጅ በሒሳብ ተተካ ማለት ይቻላል። በ2010 ይህ ጥበብ በአይፎን ስልክ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ የጎግል ኩባንያ በስልኮቹ ላይ፥ ልኩን ከመለዋወጥ ይልቅ፥ ብዙ ጨለም ያሉ ሥዕሎችን በፍጥነት አንሥቶ በማደራረብ ተመሳሳይ ውጤት የሚገኝበትን መንገድ ተከተለ። በ2021 ደግሞ ይኸው ኩባንያ የጠቆረ ቆዳ ያላቸውን ሰዎች በትክክል የሚያሳይ አሠራር መጀመሩን አስታወቀ። ፎቶግራፍ ከተገለጸ በኋላ 182 ዓመት ማለፉ ነው።

ጥበቡ ጕድለት የለበትም አንልም። ሦስቱ ሥዕሎች የተነሡት በሦስት ጊዜ ነው፤ በመካከል ነፋስ ነጠላውን ቢያነሣው፥ ዲያቆኑም አንድ እርምጃ ቢራመድ፥ በተዋሐደው ሥዕል ላይ እንደ ጥላ ያለ ሁለተኛ አካል ይታያል። ልኩ ከመጠን በላይ ሲታጠፍ ደግሞ ጥላ የሚባል ነገር ይጠፋና ቀትሩና ማለዳው አንድ ይመስላል። ስለዚህ ለታሪክ ማስረጃ የሚቀመጥ ሥዕል የተዋሐደ መሆኑ በጽሑፍ ሊገለጽና መነሻዎቹም አብረው ሊጠበቁ ያስፈልጋል።

አሁን ዋና ወደምንለው ነገር ደርሰናል። ያለፈውን ዘመን ተመልሰን በሦስት ልክ ልናነሣው አንችልም፤ ኔጋቲቩን ግን በሦስት ልክ ልናነሣው እንችላለን። ኔጋቲቭ ነገር ሁሉ ተገልብጦ የሚታይበት ፊልም ነው፤ ነጩ ሸማ በላዩ ጠቁሮና ደድሮ፥ ጠይሙ ፊት ደግሞ ሳስቶ ይገኛል። ጥሩ የጥቁርና ነጭ ፊልም 10 ደረጃና ከዚያም በላይ ሊይዝ ይችላል፤ ከዚህ ውስጥ ወረቀቱ የሚቀበለው ግን 6 ወይም 7 ደረጃውን ብቻ ነው። እንግዲህ በወረቀት ላይ ጠቁሮ የቀረ ፊት ብዙ ጊዜ የጠፋው በማተሚያው ክፍል ነው፤ በፊልሙ ላይ ግን እስከ ዛሬ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ዲጂታል ካሜራ ወይም ስካነር ኔጋቲቩን አንድ ጊዜ ለሳሳው ክፍል በሚስማማ አጭር ልክ፥ ሌላ ጊዜ ለደደረው ክፍል በሚስማማ ረጅም ልክ ቢያነሣውና ሁለቱ ቢዋሐዱ፥ ሸማውም ፊቱም ባንድነት ይወጣሉ። ፊልሙ ራሱ ያልተቀበለውን ብርሃን ግን ማንም አይመልሰውም። በዛሬው ጊዜ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጎደለውን ፊት በግምት ይሞላል፤ ይህ ሌላ ሥራ ነው። እርሱ የሚሰጠን የሚመስል ፊት ነው፤ የኔጋቲቩ ግን በዚያን ቀን ከዚያ ሰው ፊት ላይ የተመለሰ ብርሃን ነው።

ኔጋቲቭን ጠብቆ ማቆየት ምን ያህል እንደሚጠቅም ምስክር አለን። ከ1963 ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበሩት አቶ ሽመልስ ደስታ ሥራዎቻቸውን ጠብቀው በማቆየታቸው ሥዕሎቹ በ2007 በለንደን ለሕዝብ ታይተዋል። በ2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የታተመው መጽሐፍም የከተማይቱ ነዋሪዎች ከየቤታቸው ያወጧቸውን ፎቶግራፎች ሰብስቧል። ይሁን እንጂ ሰው ብዙ ጊዜ ጠብቆ የሚያኖረው የታተመውን ወረቀት ነው፤ ኔጋቲቩን የማይረባ ቁራጭ አድርጎ ይጥለዋል። ፎቶግራፍ ቤት ሲዘጋ፥ ቤተሰብ ቤት ሲለቅ፥ መሥሪያ ቤት ማኅደር ሲያጠራ አስቀድሞ የሚጣለው እርሱ ነው።

ስለዚህ ለሦስት ወገን የምንለው አለን። የማኅደር ክፍል ኃላፊዎች ከቆዩ ፎቶግራፎች ጋር ያለ ኔጋቲቭ ሁሉ በቁጥርና በስም ተመዝግቦ በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ፥ በወረቀት ፖስታ ውስጥ እንዲቀመጥ ያድርጉ፤ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ይሠራበት የነበረው የናይትሬት ፊልም በቀላሉ እሳት የሚይዝ ስለ ሆነ ከሌላው ተለይቶ ይቀመጥ። መምህራን የብርሃንን ትምህርት ሲያስተምሩ በነጭ ነጠላና በተማሪው ፊት መካከል ያለውን ልዩነት በስልክ ካሜራ ማሳየት ይችላሉ፤ ከዚህ የቀለለ የሒሳብና የፊዚክስ ምሳሌ አይገኝም። ተማሪዎችም በኮልፌም ሆነ በሌላ ሰፈር ወደ አያቶቻቸው ቤት ሲሄዱ በግድግዳው ላይ ያለውን የሠርግ ፎቶግራፍ አይተው እንዳይመለሱ፤ ኔጋቲቩ የት እንዳለ ይጠይቁ። ከተገኘም በጠርዙ ይዘው ወደ መስኮት ብርሃን ያንሡት፤ በወረቀቱ ላይ የጠፋው ፊት በዚያ ሳስቶ ተቀምጦ ሊያገኙት ይችላሉ። ከዚያም አያታቸው በሕይወት ሳሉ ስሙን፥ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ጠይቀው በፖስታው ላይ ይጻፉ።